የጎርቃ ቃለ ጉባኤ

ተሾመች አለሙ ያንን ወረቀት የፈረመችው ቆማ ነው።

ሰኔ 2001 ነበር። ከሚዛን ወደ ተራራው በሚወጣው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ የወረዳ ከተማ፣ የአስተዳደሩ አዳራሽ ቆርቆሮ በዝናብ ሲደበደብ ተሰብሳቢው እየተጯጯኸ ነበር የሚነጋገረው። እሷ የወረዳው የሴቶች ጉዳይ ኃላፊ ከሆነች ገና አንድ ዓመቷ ነው። የሦስት ወር ልጇን ሰሎሜን ጎረቤት ዘንድ ትታ መጥታለች። በአንድ ሰዓት ያልቃል የተባለው ስብሰባ አራት ሰዓት ፈጀ። ጡቷ ሞልቶ ሸሚዟን አራሰው፤ ሰው እንዳያይባት ነጠላዋን ደረቷ ላይ ደርባ፣ ቶሎ ለመውጣት እንዲመቻት በሩ አጠገብ ቆመች።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን በጠረጴዛው ዙሪያ አዙሮ ሲያበቃ ወደ እሷ ላከው።

"የሴት ፊርማ ከሌለበት ዞን መልሶ ነው የሚልክብን" አላት።

"የምንድን ነው?"

"የጎርቃው ደን። ለቡና የተጠየቀው። ኮሚቴው አይቶት የለ እንዴ?"

ኮሚቴው ሲባል እሷም አለችበት። ባለፈው ሳምንት ወደ ጎርቃ የወጣው መኪና ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ጭቃ ውጦት መመለሱን ከማንም ሳትሰማ ታውቃለች፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነበርና። ወረቀቱ ግን "ኮሚቴው በአካል ተገኝቶ እንዳረጋገጠው ቦታው ከሰው ንክኪ ነፃ የሆነ፣ ማንም የማይጠቀምበት ደን ነው" ይላል። አነበበችው። ሁለት ጊዜ ነው ያነበበችው። ከዚያ በሩን ተደግፋ ከአምስቱ ስም ሥር ስድስተኛ ሆና ፈረመችና ዝናቡን እየሰነጠቀች ወደ ልጇ ሮጠች።

በኋላ ስለዚያች ቀን ስታስብ አላነበብኩትም ብላ ራሷን ማታለል አለመቻሏ ነበር የሚከፋት።

አባቷ አቶ አለሙ ከሰሜን ሸዋ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተመድበው ሚዛን የመጡ፣ እዚያው አግብተው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። እናቷ ቤንች ናት። ልጅቷ ቤት ውስጥ በሁለት ቋንቋ አደገች፤ ለአባቷ በአማርኛ እየመለሰች፣ ከእናቷ ጋር በቤንችኛ እያወጋች። ተሾመች የሚለውን ስም ያወጡላት አባቷ ናቸው። ያን ሰሞን ከጸሐፊነት ወደ ዋና ጸሐፊነት አድገው ስለነበር በደስታቸው ነው ያወጡት። ፖለቲካ ውስጥ ከገባች በኋላ ስሟ የሰው ሁሉ ቀልድ ሆነ። በሹመቷ ቀን ሁሉ አንድ ሰው ከኋላ ብድግ ብሎ "ይቺማ ከማኅፀን ጀምሮ ተሹማለች" ይላል፤ አዳራሹም ይስቃል። እሷም ፈገግ ትላለች፤ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በዚያች ቀልድ ፈገግ ብላለች።

ሥራ የጀመረችው ቴፒ ላይ በባዮሎጂ አስተማሪነት ነው። ሁለቱን ቋንቋ የምታውቅ፣ የተማረች፣ ሰው ፊት ቆማ የማትርበተበት ሴት በተፈለገች ጊዜ ስሟ ቀድሞ ተነሣ። ከሴቶች ጉዳይ ወደ ወረዳ ምክትል አስተዳዳሪነት፣ ከዚያ ወደ ዋና አስተዳዳሪነት፣ ከዚያ ወደ ዞኑ ምክር ቤት አፈ ጉባኤነት ወጣች። በ2014 በክልሉ የአንድ ቢሮ ኃላፊ ሆነች። መንገዱ እዚህ እንደተጻፈው ቀላል አልነበረም። ግምገማ በተቀመጡ ቁጥር ወንዶቹ በሥራቸው ሲገመገሙ እሷ በአለባበሷ፣ በሳቋ፣ ማታ ከማን ጋር ከመስክ ተመለሰች በሚለው ትገመገም ነበር። አንድ ጊዜ ለሁለት ቀን ቆማ ሂስ ዋጠች። በሦስተኛው ቀን ቢሮዋ ገብታ ሥራዋን ቀጠለች፤ ያንን ግምገማ ከመሩት ሰዎች ሁለቱ ቆይተው በሥሯ ተመደቡ፣ አንዳቸውንም አልተበቀለችም።

የሠራችው ሥራም ከንቱ አልነበረም። ወረዳውን በምታስተዳድርበት ጊዜ ወላድ እናቶች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው የሚቆዩበት ቤት በየጤና ጣቢያው ጓሮ አሠራች። ከዚያ በፊት ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ሲወርዱ መንገድ ላይ የሚሞቱት ብዙ ነበሩ። ባሏ በዛብህ በአማን ሆስፒታል ነርስ ነው፤ "እነዚህ ሴቶች በሕይወት እየመጡልን ነው" ያላት ቀን ከሹመቶቿ ሁሉ በላይ ደስ ብሏታል። ቱም ገበያ ድረስ የሚያውቋት ሴቶች አሉ። "የእኛዋ" ነው የሚሏት።

ስለ ጎርቃ ግን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ማንም አንሥቶባት አያውቅም። ኩባንያው የደኑን የታችኛውን ግማሽ መንጥሮ ቡና ተከለ። በዓመት በዓሉ የቡና ከረጢትና የኩባንያው ካሌንደር ወደየቢሮው ይመጣል። እሷ ከረጢቱን ለጽዳት ሠራተኞች ትሰጣለች፤ ካሌንደሩን አትሰቅለውም። ከዚህ ሌላ ያደረገችው ነገር የለም።

በ2016 ጥቅምት ላይ ኩባንያው የላይኛውን ግማሽም እንዲሰጠው ጠየቀ። አርባ ሦስት አባወራዎች ደግሞ እንዳይሰጥ አቤት አሉ። ጉዳዩን አጣርቶ፣ ሁለቱን ወገን በሚዛን ጉባኤ ሰምቶ የሚወስን ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢዋ ተሾመች ሆነች። መዝገቡ ጠረጴዛዋ ላይ ሲቀመጥ ከሥሩ ያለው ወረቀት ምን እንደሆነ ሳትከፍተው አወቀች። ኩባንያው ጥያቄውን ያቆመው በዚያ ቃለ ጉባኤ ላይ ነበር። ደኑ ከላይ እስከ ታች በ2001 ተጠንቶ ከሰው ንክኪ ነፃ መሆኑ ተረጋግጧል፤ የአካባቢው ሽማግሌም ተስማምቶ አሻራውን አኑሯል፤ እንግዲህ የምን አቤቱታ ነው ይላል።

ከሰባቱ ፈራሚዎች ሁለቱ ሞተዋል። አንዱ አገር ጥሎ ወጥቷል። ሊቀመንበሩና ሌላኛው ሲጠየቁ ጊዜው ስለራቀ አናስታውስም ብለው በጽሑፍ መልሰዋል። የቀሩት የሴቶች ጉዳይ ኃላፊዋና ከሥር አውራ ጣቱን በቀለም ያተመው የጎርቃ ሽማግሌ ናቸው።

በነጋታው አንዲት ወጣት ቢሮዋ ገባች። ዮሃና ትባላለች፤ ሕግ ተምራ ሚዛን ላይ በአንድ ጠበቃ ቢሮ ትሠራለች። የጎርቃ ልጅ ናት፤ የአርባ ሦስቱን አቤቱታ የጻፈችውም እሷ ነች። ወንበር ስትጋበዝ ተቀመጠች እንጂ ጀርባዋን አላስደገፈችም።

"ክብርት ሆይ፣ ስለ አቤቱታው ለመለመን አይደለም የመጣሁት" አለች። "ቃለ ጉባኤውን አግኝቼዋለሁ። ስምዎን አይቻለሁ።"

ተሾመች እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሦስት ወር ሆነኝ። ለጋዜጠኛ ልሰጠው አስቤ ነበር። እናቴን ያጣኋት በዚያ የቃሬዛ መንገድ ላይ ነው፤ በኋላ እርስዎ ያሠሩትን ቤት ሳይ እጄ ተያዘ። መጀመሪያ ከራስዎ ልስማ ብዬ ነው።"

"የመጨረሻውን ስም አይተሽዋል?"

ልጅቷ ግር አላት። "ከሥር ያለው አሻራ ነው፤ የኔ ኮፒ ላይ ደብዝዟል። ስሙ አይነበብም።"

ተሾመች ዋናው ወረቀት ከፊቷ ነው። ከአሻራው አጠገብ በእጅ ጽሑፍ ሕዝቅያስ ሻሮ ይላል። የዮሃና ሙሉ ስም ደግሞ አቤቱታው ላይ አለ፤ ዮሃና ሕዝቅያስ። መዝገቡን ቀስ ብላ ዘጋችው።

"ጥቂት ቀን ስጪኝ" አለቻት። "ጥቂት ቀን ብቻ።"

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አቶ ባስልኤል ዘንድ ሄደች። ባስልኤል የበላይ ኃላፊዋ ነው፤ ከወረዳ ጀምሮ ያውቃታል፤ ብዙዎች ፊታቸውን ባዞሩባት ጊዜ ያልዞረ ሰው ነው። የሆነውን ሳትቀንስ ነገረችው። ሰምቷት ሲያበቃ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

"ይኼ ቀላል ነው" አላት። "ጤናዬ አልተስማማኝም ብለሽ ከኮሚቴው ልቀቂ። ሌላ ሰብሳቢ እንሰይማለን። ማንም አይጠይቅሽም።"

"ወረቀቱስ?"

"ወረቀቱ ወረቀት ነው። አዲሱ ሰብሳቢ በያዘው ማስረጃ ይወስናል።"

"በያዘው ማስረጃማ ደኑ ይሄዳል፣ አቶ ባስልኤል። ባዶ ነው የሚል ወረቀት ነው የያዘው። ውሸት መሆኑን የምናውቀው እኛ የፈረምነው ነን።"

ባስልኤል ግንባሩን አሻሸ። "ተሾመች፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንደ ወንድም ቁጠሪው። አዳራሽ ቆመሽ ሐሰተኛ ሰነድ ፈርሜያለሁ ካልሽ እኔም ላድንሽ አልችልም። በሚቀጥለው የምክር ቤት ጉባኤ ትነሺያለሽ። በአንቺ ቦታ የሚቀመጠው ሰው ካንቺ የተሻለ ይመስልሻል?"

እውነቱን ነው፤ የተሻለ ላይሆን ይችላል። ያቺ ጥያቄ ቤቷ ድረስ ተከተለቻት። ሰሎሜ አሁን አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሳሎን ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። በዛብህ እራት አቀራርቦ ሲጠብቃት አገኘችው፤ ነገሩን በልተው ሲጨርሱ ነገረችው። እሱ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም።

"ሽማግሌውን አነጋግረሻል?" ብቻ አላት።

"አላነጋገርኩም።"

"ተሹ፣ አንቺ የምታጪው ሥራ ነው። እሱ የሚያጣው ምን እንደሆነ እኔና አንቺ አናውቅም።"

ቅዳሜ ዕለት ሹፌሯን አስቀርታ ከበዛብህ ጋር ወደ ጎርቃ ወጣች። የጠጠሩ መንገድ እስከ ኩባንያው በር ድረስ ያማረ ነው፤ ከበሩ በኋላ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። በዛብህ መኪናው ጋ ቀረ፤ እሷ ጫማዋን ቀይራ በቡናው መካከል፣ ቀጥሎ በደኑ ውስጥ ሁለት ሰዓት ወጣች። ያ ሁሉ ዓመት ስለ ጎርቃ ስታስብ በዓይነ ኅሊናዋ የምታየው አንድ የጨለመ ጫካ ነበር። አሁን ስታየው ሁሉ ነገር ባለቤት አለው። በየቀረሮው ዛፍ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል፤ ግንዱ ላይ የየቤተሰቡ ምልክት በጩቤ ተጭሯል። ከዛፉ ሥር ኮረሪማው ተኮትኩቷል። ቀጭኗ መንገድ ከአንዱ ዛፍ ወደ አንዱ የምትሄደው ሰው ስለሚመላለስባት ነው። ከሰው ንክኪ ነፃ የሆነ ስንዝር መሬት ፈልጋ አጣች።

አባባ ሕዝቅያስ ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ለቀፎ መስቀያ ገመድ ሲገምዱ አገኘቻቸው። ሰባውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው ግን ያልደከመ ሰው ናቸው። በቤንችኛ ሰላም ስትላቸው ማን እንደሆነች አወቁ። ውስጥ ገብተው ሌላ በርጩማ አመጡላት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ንቡ፣ ስለ እናቷ ወገኖች ጠየቋት። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ጀመሩ።

"ስለዚያ ወረቀት ነው የመጣሽው።"

"አዎ፣ አባባ።"

"ልጄ ታውቃለች?"

"አታውቅም። የርሷ ኮፒ ላይ ስምዎ አይነበብም።"

ገመዱን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ተሾመች ያሰበችውን ተናገረች። አታልለዋቸው እንደሆነ ታውቃለች፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ሌላ ነገር ነግረው ማስፈረም የተለመደ ነው፤ በዚህ ደግሞ ማንም አይፈርድባቸውም አለች።

"አላታለሉኝም" አሉ ሽማግሌው።

ቀና ብላ አየቻቸው።

"ተነቦልኛል። ጸሐፊው በቤንችኛ አንድ በአንድ ነገረኝ። ደኑ እንደሚሄድ አውቄ ነው ጣቴን ያተምኩት።" ወደ ቁልቁለቱ ተመለከቱ። "ሚስቴ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ምጥ ጠንቶባት ለስምንት ተሸክመናት ወረድን። ሦስተኛው ወንዝ ላይ ሞተች፤ ልጁም ከርሷ ጋር። ቃሬዛውን ይዤ ውኃው እስኪጎድል ከሬሳዋ ጋር ቆምኩ። በዓመቱ መጡና ኩባንያው ከገባ መንገድ ይመጣል አሉ። እኔ መንገድ የሚለውን ሰማሁ። ሌላውንም ሰምቼ ነበር፤ ግን መንገዱ በለጠብኝ።"

"መንገዱም መጣ" አለች ቀስ ብላ።

"እስከ በሩ።"

ከቤቱ ኋላ ሴቶች እየተጠራሩ ከደኑ ሲመለሱ ይሰማል። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ለሰው ሁሉ ተታለልን እላለሁ። አሥራ አምስት ዓመት አልኩት። የወንድሜ ልጆች ሃያ ሁለት ዛፍ ነው ያጡት። ከአጠገቤ ተቀምጠው በልተዋል፤ የታመምኩ ቀን አስታመውኛል። ሌላ መንገድ የለም?"

"አለ። እኔ ዝም ካልኩ ወረቀቱ እንዳለ ይቆማል፤ የላይኛውም ይሄዳል። ከተናገርኩ ግን ዋናው ወረቀት በጉባኤው ይነበባል። እኔ የርስዎን ስም አልጠራም። ማንበባቸውን ግን ላስቀር አልችልም።"

"አንቺን ምን ያደርጉሻል?"

"ከሥራ ያነሡኛል።"

"እኔ ሥራ የለኝም" አሉ። "የቀረኝ ዕድሜም ትንሽ ነው። በማን መካከል እንደምቀበር ነው የሚያሳስበኝ።"

እሺ አላሉም፤ እንቢም አላሉም። ስትነሣ እስከ ደኑ ጫፍ ሸኟት። በስንብት ጊዜ እጇን ያዙና "ለልጄ አንቺ አትንገሪያት" አሏት። አልነግራትም ብላ ቃል ገባች።

የሚዛኑ ጉባኤ በኅዳር ሁለተኛው ሳምንት ተቀመጠ። ከጎርቃ ሰዎች በአንድ አይሱዙ ተጭነው፣ በሌሊት ተነሥተው ሦስት ሰዓት ተጉዘው መጡ። ከአዳራሹ በስተግራ ባሉት ወንበሮች ጭቃ ባለበት ጫማቸው ተደርድረው ተቀመጡ። አባባ ሕዝቅያስ ከመካከላቸው ናቸው፤ ቡናማ ኮት ለብሰዋል። ዮሃና ከአጠገባቸው ነች። ተሾመች ከመድረኩ ሆና የሽማግሌውን ፊት ለማየት ሞከረች፤ እሳቸው መሬት መሬቱን ያያሉ።

ጉባኤውን ከፈተች። ቀጥላም "ከዚህ በኋላ ይህን ስብሰባ ልመራ አይገባኝም" አለችና ከመድረኩ ወርዳ ለምስክር ወደተዘጋጀው ወንበር ሄደች። ሰው እስኪገባው ድረስ አዳራሹ ተንሾካሾከ። አቶ ባስልኤል ከፊት ረድፍ ተነሥቶ የሰብሳቢውን ቦታ ያዘ። ፊቱ የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፤ የደከመው ሰው ፊት ነበር።

"በ2001 ሰኔ የተጻፈውን ቃለ ጉባኤ ከፈረሙት አንዷ እኔ ነኝ" ብላ ጀመረች። ውኃ ጠጣችና ቀጠለች። "ወረቀቱ በአካል ተገኝተን አየን ይላል። አልተገኘንም። መኪናችን ጭቃ ይዞት ከመንገድ ተመለስን፤ እኔም መኪናው ውስጥ ነበርኩ። ደኑን ማንም አይጠቀምበትም ይላል። ያንን ስፈርም የማውቀው ነገር አልነበረም፤ አለማወቄን ግን አውቅ ነበር። አንብቤ ነው የፈረምኩት። ማንም አላስገደደኝም። ባለፈው ወር በእግሬ ሄጄ አይቻለሁ፤ ያልተያዘ ዛፍ የለም።"

የኩባንያው ተወካይ ጨዋ ሰው ነው፤ ጥያቄውን በትሕትና አቀረበ። "ክብርት፣ ይህን እስካሁን ለምን አልተናገሩም? አሥራ አምስት ዓመት ሥልጣን ላይ ነበሩ።"

"ፈርቼ ነው" አለች። "ከዚያ ደግሞ ሥራው በዛ፤ ሥራዬ ጥሩ ስለሆነ ያኛው የተሸፈነ መሰለኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።"

"ከርስዎ ጋር የፈረሙትስ?"

"እኔ የመጣሁት ስለ ራሴ ፊርማ ለመናገር ነው።"

ባስልኤል ዋናውን ወረቀት አነሣ። ደንቡ ስለሚያስገድደው የፈራሚዎቹን ስም በየተራ አነበበ። ሊቀመንበሩ፤ ሁለቱ ሟቾች፤ አገር የወጣው፤ አናስታውስም ያለው፤ ተሾመች አለሙ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋና "የአካባቢ ሽማግሌ፣ ሕዝቅያስ ሻሮ" አለ።

ተሾመች ዓይኗን ጨፈነች። የምትጠብቀው ጩኸት አልመጣም። ስትገልጥ ከጎርቃ ሰዎች አንድም ዞሮ ያየ የለም። ሁሉም እንዳሉ ወደ ፊት ይመለከታሉ። የወንድማቸው ልጅ የሆነ ሰፊ ትከሻ ያለው ጎልማሳ ክንዱን ከሽማግሌው ወንበር ጀርባ ላይ ጣል አድርጓል። ዮሃና ፊቷ በእንባ ርሷል፤ እጇ ግን የአባቷን እጅ እንደያዘ ነው።

የሆነውን በኋላ ከዮሃና ሰማችው። አይሱዙው ከኩባንያው በር ሊነሣ ሲል ሽማግሌው ከጋቢናው ወርደው ከኋላ ከሕዝቡ ጋር ካልሆንኩ ብለው ነበር። የመኪናውን ጎን ይዘው ቆመው፣ መንገዱ እያንገጫገጫቸው፣ ሁሉንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገሩ። ተነቦልኝ ነው ያተምኩት ብለው። ስለ ሚስታቸው አላነሡም፤ ያንን ያነሡላቸው ሌሎች ናቸው። አንዱ የወንድማቸው ልጅ መኪናው እንዲቆም ጮኾ ወረደ፤ በእግሩ ወደ ኋላ ሄደ። የቀሩት ሚዛን እስኪደርሱ ድረስ ቃል አልተነፈሱም። ከመኪናው ሲወርዱ ግን ሌላኛው የወንድም ልጅ እጁን ዘርግቶ አወረዳቸው።

ኮሚቴው በጥር ወሰነ። የላይኛው ግማሽ ለአርባ ሦስቱ አባወራዎች በስማቸው እንዲመዘገብ ተባለ። የታችኛው ቡና ተተክሎበታል፤ ያ አልተመለሰም። ጎርቃ ውስጥ በዚህ የተደሰቱም፣ ያላቸው ሁሉ ታች የነበረ ስለሆነ ያለቀሱም አሉ። ሃያ ሁለቱ ዛፎች ታች ነበሩ።

ተሾመች የተነሣችው በክልሉ ምክር ቤት የየካቲት ጉባኤ ነው። ባስልኤል ቀድሞ ደውሎ ነግሯታል። አጀንዳው ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ "ለሌላ ኃላፊነት ስለሚፈለጉ" ተብሎ ተነበበ፤ እጅ ወጣ፤ ሌላ ሰው ማለ። ሌላ ኃላፊነት አልመጣም። መኪናውን መለሰች፤ ስልኳ ለሦስት ቀን ጮኸና ከዚያ ዝም አለ። በገበያ ስታልፍ ጀግና የሚሏት ነበሩ፤ እስከ ዛሬ ዋሽታ ዛሬ ልትመሰገን ነው የሚሉም ነበሩ። ሁለቱንም ሰምታ ዘንቢሏን ይዛ ታልፋለች። አንዳንድ ምሽት የባስልኤል ጥያቄ ይመለስባታል። በእሷ ቦታ የተቀመጠው ሰው ለእናቶች ማቆያ ቤቶቹ የሚመደበውን ሰው ቀንሶታል፤ በዛብህ ይህን ሲነግራት ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ዋጋውን የምትከፍለው እሷ ብቻ እንዳልሆነች ያኔ ነው የገባት። ቢሆንም ከዚያ መድረክ ዳግመኛ እንድትወርድ ብትጠየቅ ትወርዳለች። ይህንንም ለበዛብህ ነገረችው።

በመስከረም ቴፒ ላይ ወደ ማስተማር ተመለሰች። ዘጠነኛ ክፍል፣ ባዮሎጂ።

አባባ ሕዝቅያስ በዚያው ዓመት ኅዳር ሊገባ ሲል ዐረፉ። ዮሃና ደውላ ነገረቻት። ተሾመች አርብ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቃ ከመንገደኛ ጋር ጎርቃ ወጣች። ከሽማግሌው ቤት ፊት ሸራ ተወጥሯል፤ ዘማሪዎች በቤንችኛ ይዘምራሉ። ከመኪናው ወርዶ የሄደው የወንድም ልጅ እንኳ መጥቷል፤ ለብቻው ዛፍ ሥር ቆሟል እንጂ ከሬሳው አልራቀም። መቃብሩ የተቆፈረው ከወንድማቸው አጠገብ ነው።

አዲሱ የወረዳ አስተዳዳሪ ከሁለት አጃቢዎች ጋር መጥቶ ከፊት ለባለሥልጣን በተዘጋጀው ወንበር ተቀመጠ። ተሾመችን ሲያይ ወንበሩን ይልቀቅላት አይልቀቅላት ግራ ገብቶት በከፊል ተነሣ። እሷ በእጇ ተቀመጥ አለችው። የት እንደምትሆን አላወቀችም ነበር፤ ለባለሥልጣን ከተደረደሩት ወንበሮች አትሆን፣ ከለቀስተኛው መካከልም ቦታ የላት መሰላት። ዮሃና ከቤት ወጥታ ክንዷን ይዛ በጓሮ በር አስገባቻት፤ የሟቹ እህት ከተቀመጡበት ምንጣፍ ላይ አስቀመጠቻት።

አሮጊቷ አማርኛ አያውቁም። በቤንችኛ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት፤ የእናቷን ስም ነገረቻቸው። እናቷን ያውቋት ነበር። ወደ ጎን ሸሸት ብለው ቦታ ሰፋ አደረጉላትና ያልተፈለፈለውን ባቄላ በሰፌድ አቀረቡላት። ለሦስት ቀን ለቅሶ ደራሽ ብዙ ነው።

ተሾመች እጅጌዋን ሰብስባ መፈልፈል ጀመረች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ድረስ ቆየች፤ ሰኞ ጠዋት ክፍለ ጊዜ ስለነበራት ከሚወርዱት ሴቶች ጋር በእግር ወደ መንገዱ ወረደች።